ቦታው ነው የሄደው

ለንደን ውስጥ በትርፍ ሰዓት የምሠራበት ቢሮ ከመሐል ከተማ ወደ ዳርቻ ሊዛወር ሲል ሁለት ወር ሙሉ ስለ ዝውውሩ አወራን። ስብሰባ ተጠራ፤ እያንዳንዳችን አዲሱ ቢሮ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅብን ተጠየቅን። ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርስ ባልደረባችን የመግቢያ ሰዓቷ ተቀየረላት። ወገቡን ለሚያመው ሰው ልዩ ወንበሩ ቀድሞ ተላከለት። መስኮት ሥር የነበረችው አበባ እንኳ ቁጥር ተለጥፎባት ነበር።

ማንም ያላነጋገራቸው አንዲት ሴት ነበሩ። እትዬ ነው የምላቸው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገብተው ቢሮውን ያጸዳሉ፤ እኔ ስገባ እሳቸው ይወጣሉ፤ በር ላይ በአማርኛ ሰላም እንባባላለን። እዚያ ሕንፃ ውስጥ 11 ዓመት ሠርተዋል። አሠሪያቸው ግን የኛ ቢሮ ሳይሆን አንድ የጽዳት ኩባንያ ነው። ስለ ዝውውሩ ያወቁት ካርቶን ሲደረደር አይተው ነው። «ልጄ፣ ልትሄዱ ነው እንዴ?» አሉኝ። አፈርኩ።

ረቡዕ ዕለት ከኩባንያው ደብዳቤ ደረሳቸውና እንዳነብላቸው አመጡልኝ። ከሰኞ ጀምሮ በከተማዋ ሌላ ጫፍ ወደሚገኝ ሕንፃ እንዲሄዱ ያዛል። እኔም ተረጎምኩላቸው፦ «ካልሄዱ ሥራውን በፈቃድዎ እንደ ለቀቁ ይቆጠራል ይላል።» ትርጉሙ አልተሳሳተም፤ አንድም ቃል አላጎደልኩም። ስህተቴም እሱ ነበር። ጽሑፍን በጥርጣሬ ማንበብ ዓመታት የተማርኩበት ሙያ ሆኖ ሳለ፣ ደብዳቤው የሚለው እውነት መሆኑን ሳልጠይቅ አለፍኩ። እትዬ ጠዋት ጠዋት መድኃኒት የሚሰጡት የታመመ ባል አላቸው። አዲሱ ቦታ ደግሞ ሦስት አውቶቡስ ይፈልጋል። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለው ደብዳቤውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሰኞ የትም አልሄዱም።

ከአራት ወር በኋላ ስለ ሕግ ቋንቋ ሳነብ የ1997 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) አንድ የይግባኝ ውሳኔ አገኘሁ፤ ሃይ ቴብል ከሆርስት ጋር የተከራከሩበት። የምግብ አቅራቢ ኩባንያ ወደ አንድ ባንክ የመመገቢያ ክፍል የላካቸው አስተናጋጆች ጉዳይ ነው። ውላቸው ኩባንያው ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውራቸው እንደሚችል ይላል። ጥያቄው ታዲያ የሥራ ቦታቸው የት ነው የሚል ነበር፦ ውሉ የሚፈቅደው ሁሉ ነው ወይስ በተግባር የሠሩበት? ፍርድ ቤቱ በተግባር የሠሩበት ነው አለ። በዚያ ክርክር ውሳኔው የጠቀመው ኩባንያውን ነበር። መርሁ ግን ለእትዬም ይሠራል። 11 ዓመት የረገጡት አንድ ሕንፃ ነው፤ እዚያ የነበረው ሥራ ሲቀር በሕጉ ዓይን የቀረው ሥራው ነው፤ እሳቸው አልለቀቁም።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1996ቱ የሥራ መብቶች ሕግ መሠረት ሁለት ዓመት የሠራ ሰው የሥራ ቦታው ሲዘጋ የስንብት ክፍያ ይገባዋል። አሠሪው ሌላ ሥራ ካቀረበለት አራት ሳምንት የመሞከር መብት አለው። ተስማሚ ሥራ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለ ክፍያውን ያጣል፤ ምክንያቱ ሲመዘን ግን የጉዞው ርቀትና የቤቱ ሁኔታ ይታያል። በአንድ የሥራ ቦታ በ90 ቀን ውስጥ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የሚቀነሱ ከሆነ ደግሞ ምክክሩ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት መጀመር አለበት። የእትዬ ዓይነት ሰው ግን ብቻውን ነው የሚቀነሰው፤ ስብሰባ አይጠራለትም።

የአገራችንንም ሕግ አወጣሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28፣ ድርጅቱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር አብሮ ለመሄድ ፈቃደኛ ያልሆነን ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። ምክንያቱ የተመደበው ከሠራተኛው ችሎታና ሁኔታ ጋር በተያያዙት መካከል ነው። አንዱ ሕግ «ቦታው ቀረ» ሲል ሌላው «ሠራተኛው አልፈቀደም» ይላል። ሰውዬው ያው፣ ካርቶኑም ያው ነው፤ የተለየው የግሡ ባለቤት ነው። እኔም ለንደን ተቀምጬ የእትዬን ደብዳቤ ያነበብኩት በሁለተኛው ሰዋስው ነበር።

ለስንብት ክፍያ መጠየቂያው ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር ቀርቶን ነበር። አብረን ጻፍን። ኩባንያው መጀመሪያ «ለቀዋል» ብሎ መለሰ፤ ለሁለተኛው ደብዳቤያችን ግን ከፈለ። ሥራውን የጀመሩት ከ41 ዓመታቸው በኋላ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ዓመት የሳምንት ተኩል፣ በድምሩ የ16 ሳምንት ተኩል ደመወዝ ደረሳቸው። የኛ ቢሮ በሕግ ዕዳ አልነበረበትም። ለአበባዋ ቁጥር ሲለጥፍ ግን ለጽዳት ኩባንያው ከሁለት ወር በፊት አንድ መልእክት ቢልክ፣ «ሌሊት የሚገቡት ሴት ምን ይሆናሉ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያወጣው ምንም አልነበረም። እኔም በእነዚያ ስብሰባዎች ሁሉ ተቀምጬ አልጠየቅኩም።

ገንዘቡ የገባ ዕለት ስልክ ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ አልለቀቁም፤ ቦታው ነው የሄደው» አልኳቸው። መረቁኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ያን ጊዜ ስታነቢልኝ ለምን እንዲህ አላልሽኝም?» አሉኝ።