ሁለት ጣት

አየር ክብደት አለው ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነበርኩና አየር ለእኔ ወይ ትንፋሽ ነው፣ ወይ ነፋስ፣ ወይም ቤት መምቻ ሲጠፋ ወደ ግጥም የሚጠራ እንግዳ። ያው አየር በቱቦ ተይዞ፣ ተጨምቆ፣ ግሎና ቀዝቅዞ የአንድ ቤተሰብን ዕዳ ሊያስከፍል ወይም ሊያስቀር እንደሚችል የገባኝ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. አማን ላይ፣ ጭስ ካጠቆረው አንድ የብየዳ ቤት ደጃፍ ነው።

ያኔ ዞኑ ቤንች ማጂ ይባል ነበር። ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድም አስፋልት አልለበሰም። የመጣሁት ለአባታችን ሁለተኛ ሙት ዓመት ነበር፤ ስመለስም ከወንድምጋሼ ጋር በጭነት መኪናው ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ተስማምተን ነበር። ተስማምተን ማለቴ፣ እናታችን ተስማምታልን ነበር። ታላቅ ወንድሜንና እኔን ለሁለት ዓመት ከሰላምታ ያለፈ ቃል አላገናኘንም። ምክንያቱ መኪናው ነው። አባታችን ሲሞት ከጥላ ዛፎች ሥር ኮረሪማ የተቀላቀለበት አንድ የቡና ማሳ ትቶልን ነበር። መሬት በሕግ አይሸጥም፤ የሚሸጠው በላዩ ያለው ተክል ነው ይባላል፤ ወንድምጋሼ ያንን «በላዩ ያለውን» አስተላልፎ መኪና ሊገዛ ፊርማዬን ጠየቀኝ። ፈረምኩ። ከፊርማው በታች ግን አንድ የማይረባ መስመር ጻፍኩበት፤ ምን እንደጻፍኩ ዛሬም ለሰው አልናገርም።

መኪናው ከበበቃ በኩል ጭኖ ሲመጣ ነው የታመመው። መጀመሪያ ፉጨት ተሰማ፤ ቀጥሎ ጉልበቱ ከዳው፤ ከዚያ ከኋላው ጥቁር ጭስ እየጎተተ አማን ገባ። ወንድምጋሼ ጋቢናውን ሲያነሣ የተርቦው አየር የሚያልፍበት የአሉሚኒየም ቱቦ ከመታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሃምሳ ኩንታል ደረቅ ቡና ተጭኗል። የምርት ገበያው ገና አልተቋቋመም፤ ቡናው አዲስ አበባ ለጨረታ የሚቀርብበት ቀን ተቆርጧል። ከቡናው ባለቤት የተወሰደ ቅድሚያ ገንዘብም ነበረ፤ ገንዘቡ ጎማ ተገዝቶበት አልቋል።

ስለ ተርቦ ያኔ ያወቅሁትንና በኋላ ያነበብኩትን ቀላቅዬ ልንገራችሁ። ሞተር ከሚተፋው ጭስ ጉልበት ተወስዶ አንዲት ትንሽ መዘውር ትሽከረከራለች፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለችው እኅቷ ደግሞ ንጹሕ አየር እየሳበች ትጨምቃለች። የተጨመቀ አየር ይግላል፤ የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሁሉ የመንፊያው ግርጌ እንዴት እንደሚያቃጥል ያውቃል። በመኪና ግን ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። የጋለ አየር ደግሞ ሳስቶ ነው የሚገባው፤ ነዳጁን በወግ አያቃጥልም። ስለዚህ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ሌላ ማቀዝቀዣ ይቆማል፤ አየሩ በቱቦ ወደዚያ ሄዶ፣ በርዶና ጠጥሮ፣ በሌላ ቱቦ ወደ ሞተር ይመለሳል። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ የዚህን ነገር የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ተርቦ የገጠመለትን የአውሮፕላን ሞተር የሞከረው ፓይክስ ፒክ በተባለው፣ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ተራራ አናት ላይ ነው። ተራራ መምረጡ አየር ስለሚሳሳ ነው። አዲስ አበባ ላይ እንኳ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ይሳሳል። ከቆላ ወደ ደጋ ቡና የሚያወጣ ሰው፣ ሳያውቀው የእነዚህ ሰዎች ባለዕዳ ነው።

ወንድምጋሼ መጀመሪያ ስንጥቁን በከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ፣ በሽቦ አስሮ ሞከረው። አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ተተፋ። መለዋወጫው ያለው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው፤ አስልኮ ማስመጣት ጨረታውን ያሳልፋል። ወደ ሽማግሌው በያጅ የሄድነው ያኔ ነው። ሽማግሌው የተሰነጠቀውን ቱቦ ተቀብለው በጥፍራቸው መቱና አዳመጡት።

«ይሄ በእኔ ኤሌክትሮድ አይያዝም፤ አሉሚኒየም ነው። በብረት ልሥራልህ፣ ልጄ። ይከብዳል እንጂ ይሄዳል።»

ብረቱን ከአሮጌ ማርሚታ ቱቦ ቆረጡ። ቱቦውን ባዶውን ቢያጥፉት መታጠፊያው ላይ ይጨማደድና አየሩን ያንቀዋል፤ ስለዚህ በአሸዋ መሞላት ነበረበት። አሸዋውን ሞልተው ከመድፈናቸው በፊት በምጣድ አድርገው ከሰል ላይ ቆሉት። ቡና የሚቆላ ሰው እንዲያ ተጠንቅቆ ሲያማስል አላየሁም። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። እርጥብ አሸዋ በእሳት ላይ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም ውታፉን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል አሉኝ። አንድ ጊዜ ደርሶባቸዋል፤ የግራ ቅንድባቸውን አሳዩኝ።

የእኔ ሥራ ልኩን መውሰድ ነበር። ሽማግሌው ጥቁር ሽቦ አጣጥፈው ሰጡኝና ከማቀዝቀዣው አፍ እስከ ሞተሩ አፍ፣ ቱቦው በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ እያስተኛሁ ቅርጹን እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። የተማረ ነው ብለው ነው። ሽቦውን ከተሽከርካሪው ቀበቶ አጠገብ ሳወጣው አንድ ብረት ያዘውና ተለጠጠ፤ በእጄ መለስኩትና «ያው ነው» ብዬ ሰጠኋቸው። ያው እንዳልነበረ ግን አውቄው ነበር። ከወንድምጋሼ ፊት ተመልሼ እንደገና መለካት አፍሬ ነው።

ወናፉ ተነፋ፤ ቱቦው እስኪቀላ ጋለ፤ ሽማግሌውና ወንድምጋሼ በአንድ አሮጌ ቸርኬ ዙሪያ ስበው አጠፉት። መታጠፊያው እንደ ለጋ ቀንበጥ ሳይጨማደድ መጣ። አሸዋው ተራግፎ፣ ቱቦው ቀዝቅዞ መኪናው ላይ ሲለካ ከቀበቶው ጋር ተነካካ። ልዩነቱ ሁለት ጣት ነው። ሽማግሌው ሽቦውን አዩ፣ ቱቦውን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ወንድምጋሼም አየኝ። ማንም ምንም አላለም።

ማሳጠፉን እንደገና መጀመር ስለማይቻል (ከዚያ የሚበልጥ ቱቦ አልነበረም) ከመታጠፊያው ላይ ሽብልቅ የመሰለች ስስ ቁራጭ ቆርጠው አወጡና አፉን ገጥመው ሊበይዱ ተነሡ። ስፌቱ ግማሽ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ በጨለማ ተቀመጥን። ካፊያ ጀመረ። ሽማግሌው ከሰሉን እየቆሰቆሱ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ «የአባታችሁን ቡና አሁን የያዘው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ወንድምጋሼ ቶሎ አልመለሰም።

«አላውቃቸውም፣ አባባ። የጥላ ዛፉን ቆርጠውታል አሉ። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ።»

እኔ በዚያ በኩል አልፌ አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጬ ስለዚያ ማሳ ሦስት ግጥም ጽፌያለሁ።

መብራቱ ሲመጣ ስፌቱ ተጨረሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። በሁለቱም አፎች ዙሪያ ቀጭን የብየዳ ቀለበት አስቀምጠው በሞረድ አለሰለሱት፤ ፋሸታው ሲጠብቅ ላስቲኩ ከቀለበቱ አልፎ እንዳይንሸራተት ነው። ቱቦው ብረት ለብረት አይገጠምም፤ ሞተር ሲነሣ ይወዛወዛልና በሁለቱም ጫፍ ላስቲክ ያስፈልገዋል። በመጨረሻ ውስጡን ጠረጉት፤ በገመድ ላይ ጨርቅ አስረው፣ በነጭ ጋዝ ነክረው፣ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው እየሳቡ፤ እንደገና፣ እንደገናም። የአየር ማጣሪያው ያለው ከተርቦው በፊት ነው፤ ከዚህ ቱቦ በኋላ ግን ምንም የሚያጠራ ነገር የለም፤ አንዲት የብየዳ ፍርፋሪ ወይም የአሸዋ ቅንጣት ብትቀር ቀጥታ ሞተር ውስጥ ናት። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ያህል ሳብን፤ አንዱን ጫፍ ወንድምጋሼ፣ ሌላውን እኔ።

ሲነጋ ከአንድ ጎሚስታ በኮምፕሬሰር አየር ነፋንበት፤ ስፌቱን በሳሙና አረፋ ቀባነው። እኔ ባበላሸሁት በኩል አንዲት አረፋ ብቅ አለች። ሽማግሌው ጠብታ ብየዳ ጨመሩባት፤ ጨርቁን እንደገና አስገብተን ሳብን። ከዚያ ምንም አልወጣም። የሠሩበትን ሲጠየቁ የኤሌክትሮዱንና የከሰሉን ብቻ ተቀበሉ፤ ወንድምጋሼ አንድ ጆንያ ከሰል ሲመለስ ሊያመጣላቸው ቃል ገባ፤ አመጣላቸውም።

ቦንጋን፣ ጎጀብን፣ ጅማን አለፍን። መንገዱን ሁሉ ሬዲዮ አልተከፈተም፤ ወንድምጋሼ ጆሮውን ለሞተሩ ሰጥቶ ነበር። ሰኮሩን አልፈን ወደ ግቤ ቁልቁል ወረድን። ከድልድዩ ማዶ ወደ ወልቂጤ የሚወጣው ዳገት ሲጀምር ማርሽ ቀነሰና ነዳጁን ረገጠው። ፉጨት የለም። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ወደ ኋላ አየሁ፤ ጭሱ ስስ ነው። መኪናው ሃምሳ ኩንታሉን ይዞ ሳያጉረመርም ወጣ።

አጋማሹ ላይ ስንደርስ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣

«ሽቦው የት ላይ ነው ያመለጠህ?» አለኝ።

«ከቀበቶው አጠገብ፣ ወንድምጋሼ። ብረት ያዘው።»

«አይቼሃለሁ» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ፣ ከመሪው ሥር የነበረውን ዳቦ ገምሶ ትልቁን ሰጠኝ። «እኔም ያኔ ተመልሰህ ለካ ማለት ነበረብኝ።»

ሬዲዮውን ከፈተው፤ ዳገቱ ላይ ስለነበርን ጣቢያው አልያዘም።