በዓለም ባንክ ሠፈር የቅድመ አያት ስም ፍለጋ

ከአዲስ አበባ መሐል በስተ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው የዓለም ባንክ ሠፈር ስሙን ያገኘው ከታቦት ወይም ከመኳንንት አይደለም፤ በዓለም ባንክ ብድር ከተሠሩት መኖሪያ ቤቶች ነው። ስለዚህ ሠፈሩ በዕድሜ ከሽማግሌዎቹ ያንሳል። እኔም ወደዚያ የወረድሁት የሠፈሩን ሳይሆን የአባቴን እኅት ትዝታ ፈልጌ ነው።

ነገሩን ያነሣው ልጄ ነበር። በውጭ አገር ሰዎች የዘመዶቻቸውን ልደትና ሞት ከመቶ ዓመት በፊት ከታተመ ጋዜጣ እንደሚያገኙ ሰምቶ፥ የእኔን ቅድመ አያት እንደዚሁ ልፈልግ አለኝ። መቸም የልጅ ጥያቄ ደግ ነው፤ ነገር ግን «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ የተዠመረው በ1917 ዓ.ም. ነው፤ የጎንደር ሰው የሆነው ቅድመ አያታችን በጎልማሳነቱ ዘመን ስሙን የሚያትምለት ጋዜጣ ባገሩ አልነበረም።

የዚያ ዘመን ሰው የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና በባዶ ገጾቻቸው ላይ ነው። መሬት የሰጠና የተቀበለ፥ የሸጠና የገዛ፥ ዳኛውና እማኞቹ በዚያ ተጽፈዋል፤ ቃሉን የሚያፈርስም በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። ውሉ እንዳይጠፋ ከወንጌል ጋር አሰሩት ማለት ነው። ዳሩ ግን መጻሕፍቱ ሁሉ በቦታቸው አይገኙም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ብዙውን ወደ መቅደላ አጋዙት፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ደግሞ ከእነዚሁ 350 ያህሉ ወደ ለንደን ተወሰዱ። የጎንደር ሰዎች የመሬት ውል ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት መነበቡ ያሳዝናል፤ ሆኖም ተነባቢ ነው። እዚህም በ1960ዎቹ አጋማሽ በተዠመረው ሥራ በሺህ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል።

ችግሩ ስም ነው። በኅዳጉ ላይ አንዱ በዓለም ስሙ፥ ሌላው በክርስትና ስሙ ይጻፋል፤ ገብረ ሚካኤል የሚባል ሰው ደግሞ በየደብሩ አለ።

አክስቴ ቡናውን አስቀርበው ጥያቄዬን ሰሙ።

«እኛ በዓለም ስሙ ነው የምንጠራው፤ የክርስትና ስሙን የምታውቀው እናቴ ነበረች» አሉኝ።

«ደብሩንስ ያስታውሱታል?»

ዝም ብለው ቈዩ። «በ23 የጊዮርጊስን ጽዋ ያወጣ እንደ ነበር ትነግረን ነበር። የተቀበረውም እዚያው ጊዮርጊስ ነው።»

ይህን በማስታወሻዬ ጻፍሁ። ደብሩ ከታወቀ ፍለጋው ከሺህ ገብረ ሚካኤል ወደ ጥቂቶች ይወርዳልና። ልነሣ ስል ግን አክስቴ እጄን ያዙ።

«የእኔንስ የክርስትና ስም ታውቀዋለህ?»

አላውቀውም ነበር። በእጃቸው አድጌ፥ ጠይቄአቸው አላውቅም። ቀስ ብለው ነገሩኝ፤ ከቅድመ አያቴ ባዶ ቦታ በላይ ጻፍሁት።