የ12ኛ ክፍል የመጨረሻው ሳምንት፦ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያጡት ምንድን ነው?

በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ የታወቀ ሳምንት አለ። አንዱ ቀን የባህል ልብስ ይለበሳል። አንዱ ቀን «ከለር ዴይ» ይባላል፤ ክፍሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም ለብሶ ይመጣል። አንዱ ቀን «ክሬዚ ዴይ» ነው፤ ሸሚዝ ተገልብጦ፣ ጫማ ተቀያይሮ ይለበሳል። በመጨረሻው ቀን ተማሪው ነጭ ቲሸርቱን ወይም ዩኒፎርሙን ለጓደኞቹ ዘርግቶ ያስፈርማል። ያ ቲሸርት ዓመታት አልፈው ቀለሙ እስኪደበዝዝ ከቁም ሣጥን ሥር አይጠፋም።

በዚህ ሳምንት ላይ ትችት ቀርቦ አያውቅም ማለት አይቻልም። «ከባህላችን የወጣ ነው»፣ «የውጭ ኩረጃ ነው»፣ «ወላጅን ለወጪ ይዳርጋል» የሚል ቅሬታ በየዓመቱ ይሰማል። ኩረጃው እውነት ነው። የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትልቁ የአሜሪካን ፉትቦል ግጥሚያቸው በፊት ባለው ሳምንት በየቀኑ የተለያየ ልብስ እየለበሱ ትምህርት ቤታቸውን ያሞግሳሉ። በኖርዌይም ተመራቂዎች ቀይ ወይም ሰማያዊ ቱታ ለብሰው እስከ ብሔራዊ በዓላቸው ድረስ ሲጨፍሩ ይከርማሉ። የእኛዎቹ ልብሱንም ስሙንም ከዚያው አምጥተዋል።

ነገሩ ወደ ምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር ሲወሰድ ግን መልኩ ይለወጣል።

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ አድርጎ እስከ አባይና በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው አገር፣ በሌላ በኩልም መካነ ኢየሱስን ይዞ የሚሰፋው እስቴ፣ የድንችና የገብስ፣ ዝቅ ሲልም የጤፍ አገር ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት ታቅፈው ከቆዩት ወረዳዎች መካከል ናቸው። በዚህ አካባቢ «የባህል ልብስ ቀን» የሚለው ነገር ራሱ ትርጉሙ ሌላ ነው። የከተማው ልጅ ልብሱን ይከራያል ወይም ያሰፋል። የስማዳ ልጅ ግን ያው አባቱ ገበያ የሚወጣበትን ጋቢ ነው የሚለብሰው።

የገጠሩ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ይወጣል። ትምህርት ቤቱ ያለው ወረዳው ከተማ ውስጥ ከሆነ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእግር ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ። እሑድ ማታ በሶና ድርቆሽ፣ አንዳንዴም የሳምንት እንጀራ ተሸክመው ይመለሳሉ። እናት ስንቁን ስትቋጥር ለሌሎቹም ልጆች እንዲዳረስ አስባ ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ ቤት ስትደርስ የሚጠብቃት አንድ ጥያቄ አለ፦ ትማር ወይስ ትዳር? ጎረቤት የላከው ሽማግሌ ደጅ ላይ ከተቀመጠ መልሱ የእሷ ብቻ አይሆንም።

ለእንዲህ ያለ ተማሪ ክፍሉ ማለት ሁለተኛ ቤቱ ነው። አለቃው የለፋፊዎችን ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የሚነሣው ክርክር፣ ለሒሳብ መምህሩ የወጣው ቅጽል ስም፣ አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ማየት፣ በዕረፍት ሰዓት ከሚኒ ሚዲያው የሚሰማው ቀልድና የሙዚቃ ምርጫ፣ 11ኛ «ሀ» ከ11ኛ «ለ» የሚያደርጉት የኳስ ግጥሚያ፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ በወላጆች ቀን የሚቀርበው ድራማ ትርፍ ነገሮች አይደሉም። ልጁን ሰኞ ጠዋት ያንን ሁሉ መንገድ የሚያስኬደው ፊዚክስ ብቻ አይደለም። የሚጠብቁት ጓደኞች አሉት።

ይህ ሁሉ ነው የተቋረጠው። መጀመሪያ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ መጣ፤ በዚያች ከተማ ሴቶች ላይ የደረሰውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ አዲሱ ግጭት ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑበት ዓመት ታይቷል። ትምህርት ቤቶች የተኩስ ሰለባ ሆነዋል፣ የታጣቂ ማደሪያ ሆነዋል። መምህራን ተገድለዋል፣ ታግተዋል። በ2015 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ መገመት አያስቸግርም። አንዱ ወደ መተማና ሁመራ ለቀን ሥራ ወርዷል። አንዷ ተድራለች። አንዱ ጠመንጃ ይዟል። አንዱ ደግሞ በረሃ አቋርጦ ሳዑዲ ለመግባት ደላላ እየፈለገ ነው።

«ታዲያ ልጅ በሚሞትበት አገር ስለ ቲሸርት ፊርማ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ትምህርት ቤት በምን ይቆማል ከሚለው ይጀምራል።

ላለፉት ዓመታት ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚወራው በአንድ ቁጥር ዙሪያ ነው። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በሁለተኛው 3.2፣ በሦስተኛው 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ኩረጃው መቆሙ መልካም ነው። ቁጥሩን ግን አንድ የእስቴ ገበሬ እንዴት እንደሚሰማው ማሰብ ያስፈልጋል። ከ100 ልጅ ከ90 በላይ የሚወድቅበት ቤት ለእሱ ምኑ ነው? በሬ ጠባቂውን፣ አራሙቻ ነቃዩን ልጁን ለ12 ዓመት ሰጥቶ የሚያገኘው «አላለፈም» የሚል መልእክት ብቻ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ምን ብሎ ይሟገታል? ትምህርት ቤት የፈተና ማዘጋጃ ብቻ ሲሆን ጠባቂ ያጣል። ጠባቂ ያጣ ቤት ደግሞ ማንም መጥቶ ሊያድርበት ይችላል።

ለዚህ መፍትሔው ከአሜሪካ መምጣት የለበትም። ጋይንት ራሱ የትምህርት አገር ነው። የድጓው ምስክር ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ ያሉት እዚያው ነው። ለዘመናት ከየአገሩ የመጡ የቆሎ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው በየደጁ እየለመኑ ተምረውበታል። እነዚያ ተማሪዎች የራሳቸው በዓል አላቸው። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል በአብነት ትምህርት ቤት የተማሪ በዓል ነው። ተማሪዎቹ ከየመንደሩ እህል ይሰበስባሉ። ጠላ ይጠምቃሉ፣ ዳቦ ይጋግራሉ። በዕለቱ መምህራቸውንና የአካባቢውን ሰው ጠርተው ያበላሉ፣ ያጠጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ሲለምን የኖረው ተማሪ በዚያን ቀን ጋባዥ ይሆናል።

በዚህ በዓል ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። ገንዘብ የሌለው ተማሪ አይገለልም፤ ድግሱ የጋራ ነው። መንደሩ ተመልካች ብቻ አይደለም፤ እህሉ የእሱ ነው። መጨረሻው ደግሞ ምርቃት ነው። አማርኛ የተማሪን መመረቅና የሽማግሌን ምርቃት በአንድ ቃል መጥራቱ እንዲያው አይደለም። የተመረቀ ሰው ማለት የተመረቀለትም ሰው ማለት ነው። ፈተና ያላለፈው ልጅ ከዚህ ምርቃት አይጎድልም።

ስለዚህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ በጭንቅም ቢሆን እየሠሩ ያሉት ዓመታቸውን ሲጨርሱ፣ ያ ሳምንት መቅረት የለበትም። ቲሸርት ማሳተም፣ ጋውን መከራየት፣ ፎቶ አንሺ መጥራት ግዴታ አይሁን፤ መክፈል ያልቻለው ልጅ «ሆዴን አሞኛል» ብሎ እንዲቀር የሚያደርገው እሱ ነው። ይልቅ አንድ ቀን ለክፍል ለክፍል ውድድር፣ አንድ ቀን ለድራማና ለግጥም፣ አንድ ቀን ችግኝ ለመትከልና የተሰባበረ ዴስክ ለመጠገን ይዋል። አንድ ቀን ደግሞ ወላጅ ከነጋቢው ይምጣ፤ የልጁ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ደብተሩን ይይ። ማንበብ ባይችል እንኳ ያ ደብተር በስንት ስንቅ እንደተሞላ ያውቃል። በመጨረሻም ሽማግሌ ተነሥቶ ይመርቅ። ተማሪዎቹም እንደ ፈለጉ ደብተራቸው ላይ ይፈራረሙ። ወጪው ጥቂት ቆሎና ጥቂት ጠላ ነው።

ይህን ለማድረግ ከሁሉ በፊት ጥይቱ ዝም ማለት አለበት። መንግሥትም ሆነ የታጠቁ ኃይሎች ክፍሎቹን ለካምፕ፣ መምህሩን ለመልእክት ማስተላለፊያ ማድረጋቸውን ማቆም አለባቸው። ሁለቱም ወገን ለአማራ ልጅ እንደሚታገል ይናገራል። የሚታገልለት ልጅ ግን 9ኛ ክፍልን በ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ 10ኛ ያልደረሰ ከሆነ ቃሉ ከተግባሩ አይገጥምም።

ኬሚስትሪ በማካካሻ ትምህርት ሊሸፈን ይችል ይሆናል። በ17 ዓመት ዕድሜ ከጓደኞች ጋር መሳቅ፣ በመድረክ ላይ ድምፅን ማሰማት፣ በአባት ፊት በኩራት መቆም ግን ማካካሻ የለውም። የዚያ ትውልድ ደብተር ፊርማ ሳያርፍበት ቀርቷል። ከኋላው የሚመጣው ትውልድ ደብተርም ባዶውን እንዳይቀር ማድረግ ግን አሁንም ይቻላል።