«ያ መድኃኒት ቢገኝ ኖሮ» ለምትሉ ወላጆች

በዚህ ዕትም ስለ አንድ በሽታና ስለ አንድ ሕክምና ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን የመጋቢ ሚስት ስለሆንሁ ለቅሶ ቤት ብዙ እቀመጣለሁ፤ እዚያ የሚባለውንም እሰማለሁ።

በሽታው ሴፕሲስ ይባላል። እኛ «ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገባ» የምንለው ነው። ጀርም ሲገባበት ሰውነት ይዋጋል፤ በሴፕሲስ ጊዜ ግን ውጊያው ከልክ አልፎ የራሱን ሳንባ፣ ኩላሊትና ልብ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ላይ 49 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ እንደታመሙ፣ 11 ሚሊዮን ያህሉም እንደሞቱ ተገምቷል። ከታመሙት 20 ሚሊዮን ያህሉ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ነበር።

በኅብረታችን ያሉ ወጣት ባልና ሚስት የበኩር ልጃቸውን ያጡት በዚሁ ነው። ልጁ ያለ ቀኑ ተወልዶ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ፣ ከውጭ አገር አንድ ዘመድ ደውሎ «ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት አለ፤ እሱን ፈልጉ» አላቸው። ገንዘብ ስናሰባስብ ሕፃኑ አረፈ። ከዚያ በኋላ ባልየው «መሬቱን ቶሎ ብሸጠው ኖሮ» እያለ ራሱን ይወቅሳል። ሚስትየው ደግሞ «እምነት ስለጎደለን ነው» ትላለች። ለወራት በአንድ ቤት እየኖሩ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። ትዳር በዚህ መንገድ ሲፈርስ አይቻለሁና ፈራሁላቸው።

ለመሆኑ ያ መድኃኒት ምንድን ነው? ብዙ ጤነኛ ሰዎች ከለገሱት ደም ተለይቶ የሚወጣ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ በሽታን የሚከላከል የሰው ሠራዊት ልትሉት ትችላላችሁ። ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ቤሪንግና ኪታሳቶ በበርሊን በሽታውን የተቋቋመ እንስሳ ደም ሌላውን እንደሚጠብቅ አሳዩ። ለዲፍቴሪያና ለመንጋጋ ቆልፍ ትልቅ በረከት ሆነ፤ ቤሪንግም በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ለሴፕሲስ ግን ነገሩ እንዲህ አልቀለለም። ሴንቶክሲን የተባለው፣ የባክቴሪያን መርዝ እንዲይዝ የተሠራ ፀረ እንግዳ አካል፣ በአውሮፓ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ከተሸጠ በኋላ በ1993 ከገበያ ወጣ። ለጨቅላዎች ደግሞ ውጤቱ በ2011 የታተመ ጥናት አለ። በ9 አገሮች፣ ለከባድ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ የሚሰጣቸው 3,493 ሕፃናት በሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ወገን ኢሚውኖግሎቡሊን፣ ሌላው መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጠው። ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው የሞቱት ወይም ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ሲቆጠሩ፣ በዚያም ወገን 39 በመቶ፣ በዚህም ወገን 39 በመቶ ሆኑ። ለአዋቂዎች በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያም ይህን መድኃኒት አይመክርም። (ሐኪም ለሌላ ሕመም ቢያዝዘው ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይረዳል።)

ይህን ለዚያ አባት ስነግረው ቁጥሩን በወረቀት ጻፊልኝ አለኝ። ጻፍሁለት። «39 እና 39» እያለ ደጋግሞ አየው። ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እምነት ጎደለን» ለምትለው እህቴ ደግሞ ንጉሥ ሕዝቅያስን አስታወስኋት። እግዚአብሔር 15 ዓመት ጨምሬልሃለሁ ካለው በኋላ እንኳ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። መድኃኒት መፈለግ አለማመን አይደለም፤ መድኃኒት ማጣትም የእግዚአብሔር ቁጣ አይደለም።

ፀረ እንግዳ አካል ግን ከንቱ ነው እንዳትሉኝ። ጌታ በእናት ውስጥ ያስቀመጠው አለ። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል፤ ያለ ቀኑ የሚወለድ ልጅ ለኢንፌክሽን የሚጋለጠው በከፊል ይህ ስንቅ ሳይሞላለት ስለሚወጣ ነው። ነፍሰ ጡር የምትወስደው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ልጇን የሚጠብቀውም በዚሁ መንገድ ነው። እንገርም በፀረ እንግዳ አካል የበለጸገ ነው። እህቴ፣ አማትሽ «ቆሻሻ ነው፣ ድፊው፤ ቅቤ አልሺው» ቢሉሽ በአክብሮት እምቢ በዪ። ወንድሜ፣ ይህን ለእናትህ መንገር ያንተ ሥራ ነው፤ ለሚስትህ አትተወው።

ሕፃን መጥባት ካቆመ፣ ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም እትብቱ መግል ከያዘ እስኪነጋ አትጠብቁ። በዚህ በሽታ አንቲባዮቲክ በቶሎ መጀመሩ ሕይወት ያድናል።

ሌሊት «መጋቢ፣ ልጁ ታሟል፣ መጥተህ ጸልይልን» የሚል ስልክ ሲመጣ፣ ባለቤቴ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከቤት ወጥታችኋል ወይ ብሎ ነው። ካልወጡ «ውጡ፣ እዚያው እንገናኝ» ይላል፤ ጫማውን እያጠለቀ መጸለይ ይጀምራል።