ካንዴላ የሌለው መኪና

የስፖርት ገጹን ሁልጊዜ የሚጽፉት ወንዶቹ ናቸው። እነሱ ደግሞ ከአርሴናልና ከማንቸስተር ሌላ በዓለም ላይ ስፖርት ያለ አይመስላቸውም። በዚህ ወር ግን ተራው የኔ ስለሆነ ስለ መኪና ውድድር ልጽፍላችሁ ነው። መኪኖቹ ቤንዚን አይጠጡም፣ በኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚሄዱት። «ሴት ልጅና የመኪና ውድድር ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ ታግሳችሁ አንብቡ፣ ወደ በኋላ አንዲት ሴት ትመጣለች።

እኔ የመካኒክ ልጅ ነኝ። አባቴ መኪና የሚመረምረው በጆሮው ነው። መኪናው ገና የጋራዡን በር ሳያልፍ «የዚህ አንዱ ካንዴላ ሞቷል» ይላል። ሲከፈት እውነትም ሞቶ ይገኛል። ካንዴላ ማለት ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭር ትንሽ ዕቃ ነው፤ ቤንዚኑ የሚቀጣጠለው በሱ ነው። አንዳንድ ጊዜ እቤት እራት እየበላን በመንገድ የሚያልፍ መኪና ድምፅ ይሰማና አባቴ ጉርሻውን ይዞ ቀጥ ይላል። «ማርሚታው ተበስቷል» ይላል። እናቴ «እባክህ ብላ፣ ያንተ አይደለም» ትለዋለች።

እንግዲህ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል በኛ ቤት ምን እንደተባለ ልንገራችሁ። ምንም አልተባለም። አባቴ ዜናውን ሰምቶ ዝም አለ። ዝም ማለቱ ነው ያስፈራኝ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች በዙ፤ ስታዩአቸው ያምራሉ፣ ከኋላችሁ ሲመጡ ግን አይሰሙም። ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች «እኛ እኮ አለቀልን» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አባቴ አይስቅም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወንድሜ ለዕረፍት ሲመጣ በስልኩ ላይ አንድ ውድድር ጭኖ አመጣ። ውድድሩ የቆየ ነው። የተካሄደው ከሰኔ 11 እስከ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከጁን 18 እስከ 20፣ 2021) ነው። ቦታው ጣልያን አገር፣ ከሮም ከተማ በስተሰሜን የሚገኘው ቫሌሉንጋ የሚባል የመኪና መወዳደሪያ ነው። ፒዩር ኢቲሲአር የሚባለው ሻምፒዮና የመጀመሪያው ዙር ነበር። ቱሪንግ መኪና የሚባለው እንደ ፎርሙላ ዋን ጎማው ውጭ የወጣ ሳይሆን ቅርጹ ሰው ከሱቅ የሚገዛውን የቤት መኪና የሚመስል ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው።

የተወዳደሩት ሦስት ዓይነት መኪኖች ናቸው፦ ኩፕራ፣ ሃዩንዳይ እና አልፋ ሮሜዎ። ለእያንዳንዱ ቡድን አራት ነጂ አለው፣ መኪናው ግን ሁለት ብቻ ስለሆነ እየተቀያየሩ ነው የሚነዱት። ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም በዕጣ ይወጣል። ሲነሱ ደግሞ ለፈረስ ውድድር እንደሚሠራው ዓይነት በር ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ በሩ ሲከፈት ይፈተለካሉ። ይሄን ሳይ በጣም ሳቅሁ፤ የፈረስ ጉልበት የሚባለውን ነገር በእውነት የወሰዱት መሰለኝ።

አንዱ ግጥሚያ ግን ወዲያው ያልቃል። ወንድሜን «ለምን ቶሎ ይጨርሳሉ?» አልኩት። «አስቢያ፣ 8ኛ ክፍል አይደለሽ?» አለኝና ቁጥሮቹን ብቻ ሰጠኝ። ባትሪው የሚይዘው 62 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። መኪናው ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሄድ 500 ኪሎ ዋት ይወስዳል። 62ን ለ500 አካፍላችሁ በ60 ደቂቃ ስታባዙት 7.44 ይመጣል። ሙሉ ኃይሉን ሳያቋርጥ ቢጠቀም ሰባት ደቂቃ ተኩል እንኳ ሳይሞላ ባዶ ይቀራል ማለት ነው! በ300 ኪሎ ዋት ቢሄድ 12.4 ደቂቃ ይቆያል። የሒሳብ መምህራችን ከፈለጉ ይመርምሩት።

ይሄን ለእናቴ ሳስረዳት ኪሎ ዋት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የኛ የእንጀራ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎ ዋት ያህል ነው። ስለዚህ ያ መኪና ሲከንፍ 143 ምጣድ ባንድ ላይ እንደተሰካ ማለት ነው። እናቴ «ታዲያ ሰፈሩ መብራት ይኖረዋል?» አለች። ባትሪው ሞልቶ ምጣድ ላይ ቢውል ግን ከ17 ሰዓት በላይ ያስጋግራል። እናቴ ከውድድሩ የወደደችው ይሄን ብቻ ነው።

አባቴ ከሥራ መጥቶ እጁን እየታጠበ ሳለ «አባዬ፣ ና እይ» ብዬ ጠራሁት። ተቀመጠ። መኪኖቹ ከበሩ ወጡ። ትንሽ አየና ወደኔ ዞሮ «ድምፁን ዘጋሽው እንዴ?» አለኝ።

አልዘጋሁትም። ድምፁ እንደዚያ ነው። ፉጨት የመሰለ ቀጭን ድምፅ አለው፣ ሌላው ሁሉ የጎማ ጩኸት ነው። አባቴ ፊቱ ጠቆረ። 500 ኪሎ ዋት ወደ 680 የፈረስ ጉልበት እንደሚሆን፣ ትንሿ ቪትዝ ግን 70 ያህል ብቻ እንዳላት፣ ስለዚህ ዘጠኝ ቪትዝ ቢደመር እንኳ እንደማይደርስበት ወንድሜ ሊያስረዳው ሞከረ። አባቴ ግን ቁጥሩን አልሰማም፣ መኪናውን ነበር የሚያዳምጠው። ከዚያ አንዱ መኪና ኩርባ ላይ ሲጮህ «የፊት ጎማውን ፈጀው» አለ። ሌላው ሲመጣ «ይሄ ፍሬኑን ቀደም ብሎ ያዘ» አለ። እኔና ወንድሜ ተያየን። ሞተር በሌለበት የሚሰማው ሌላ ነገር አገኘ ማለት ነው።

ከዚያ «የት አገር ነው ይሄ?» ብሎ ጠየቀ። ጣልያን እንደሆነ ስነግረው ሳቀ። ለምን እንደሳቀ ሲነግረን አመሸ። እሱን ያስተማሩት ሽማግሌ መካኒክ ሥራ የለመዱት ጣልያኖች ጋራዥ ነበር። እኛ የጋራዥ አማርኛ የሚመስለን ቃል ሁሉ የጣልያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካቻቢቴ። ጎማን እንኳ የኛ ይመስለኝ ነበር! ልጆች፣ እናንተም ስታሯሩጡ የምትውሉት ጋሪ እግሩ ኩሽኔታ ነው አይደል? እሱም የጣልያን ነው።

እኔም ደብተሬን አወጣሁና ለሁለት ከፈልኩት። በአንዱ በኩል ኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ የሌለውን፣ በሌላው በኩል ያለውን ጻፍኩ። አባቴ እየነገረኝ ነው የጻፍኩት። ካንዴላ የለም፣ የሚቀጣጠል ነገር ስለሌለ። ማርሚታ የለም፣ ጭስ ስለሌለ። ቴስታታም የለም። ፍሪሲዮን የለም፤ ካምቢዮም እንደምናውቀው ዓይነት ማርሽ እየቀያየሩ የሚነዱት አይደለም፣ ያው አንድ ነው። የነዚያ የውድድር መኪኖች ሞተር የኋላውን ጎማ ነው የሚያዞረው። ይሄን ስንጽፍ የግራው በኩል እየረዘመ ሲሄድ እውነቴን ነው እስክሪብቶው ከበደኝ። የአባቴ ሥራ እኮ ነው አንድ በአንድ እየጻፍኩ የምሰርዘው የመሰለኝ። በቀኝ በኩል ደግሞ ጎማ፣ ፍሬን፣ ሞላ፣ መሪ፣ ኩሽኔታ ጻፍን። ካቻቢቴን የት እንደምጽፍ ሳስብ አባቴ «እሱማ የትም አይሄድ» አለ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። ከሦስቱ መኪኖች ሃዩንዳይ የትልቅ ኩባንያ ነው፤ ኩፕራም የትልቅ ኩባንያ ነው። አልፋ ሮሜዎውን ለውድድር ያዘጋጀው ግን የመኪናው ፋብሪካ አይደለም። ሮሜዎ ፌራሪስ የሚባል፣ ከሚላን ከተማ አጠገብ ኦፔራ በምትባል ቦታ የሚገኝ የግል ጋራዥ ነው። ስሙ ፌራሪን ስለሚመስል እንዳትሳሳቱ፣ አይገናኙም። ከዚያ በፊት ጁሊዬታ የምትባለውን የቤንዚን መኪና ለውድድር ያዘጋጁ ነበር፤ ከዚያ ጁሊያን ኤሌክትሪክ አደረጓት። ሥራውን ትመራ የነበረችው ሚኬላ ቼሩቲ ትባላለች። እሷ ራሷ የመኪና ተወዳዳሪ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ፎርሙላ ኢ የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና ሻምፒዮና ሲጀመር ከነጂዎቹ አንዷ ነበረች። የክፍላችን ወንዶች ይሄን ስነግራቸው «ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። ሄዳችሁ ጠይቁ!

ለአባቴ ይሄን ሳነብለት ብዙ ጥያቄ ጠየቀኝ። ሴት መሆኗ አልገረመውም፣ ጋራዥ መሆኑ ነው የገረመው። «ጋራዥ ነው ያልሽው? ፋብሪካ አይደለም?» አለኝ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ባትሪውና ሞተሩ ለሦስቱም ቡድን አንድ ዓይነት ተደርጎ እንደተሰጣቸው፣ ባትሪውን የሠራው ዊሊያምስ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት እንደሆነም ነገርኩት። «እንግዲያው ልዩነቱ ገጠማውና ሞላው ላይ ነዋ» አለ። ይሄን ሲል ድምፁ ጋራዥ ውስጥ ለረዳቶቹ እንደሚያወራው ሆነ።

ማን አሸነፈ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ማቲያስ ኤክስትረም የሚባል የስዊድን ሰው ነው፣ በኩፕራ። ይሄ ሰው ከዚያ በፊት በቤንዚን መኪና የጀርመንን የቱሪንግ ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2007 አሸንፏል። በጩኸት ያደገ ሰው ነው ማለት ነው፤ ያለ ጩኸትም አሸነፈ። አልፋ ሮሜዎዎቹ ዋንጫውን አልወሰዱም። እኔ ግን እስካሁን የምደግፈው እነሱን ነው።

አንድ ነገር ደብቄአችሁ ማለፍ አልፈልግም። ያ ሻምፒዮና አሁን የለም። ሁለት ዓመት ብቻ ተካሂዶ ቆመ። ይሄን ስሰማ ለአባቴ መንገሩን ፈራሁ፣ ግን ነገርኩት። የሚደሰት መስሎኝ ነበር። «እነሱ ቢያቆሙ ምን ዋጋ አለው፣ መኪኖቹ እንደሆኑ ሰፈራችን ገብተዋል» አለ።

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ ኤሌክትሪክ መኪናቸውን ይዘው ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። ሌላ ቦታ ወስደውት «ሙሉው ይቀየራል» ተብለው ብዙ ብር ተጠይቀው ነበር። «ጋሼ፣ እኔ የኤሌክትሪክ አልነካም» አላቸው አባቴ። «አንተ ብቻ አንዴ ስማው» አሉት። ቅዳሜ ስለነበር እኔም እዚያው ነበርኩ። ሰውዬው ቀስ ብለው ሲነዱ አባቴ በእግሩ ከጎናቸው እየተራመደ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። የሞተር ጩኸት የለም፣ ጭስ የለም፣ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይሰማል። «ቁም» አለ ለራሱ። ከዚያ «የፊት ቀኝ እግር ኩሽኔታ ነው» አለ። በክሪክ አንስተው ጎማውን ሲያዞሩት ኩሽኔታው ግርርር ይላል፣ እኔ ራሴ ሰማሁት። ኩሽኔታው ተቀየረና ድምፁ ጠፋ።

ከቦኔቱ ሥር ያለውን ብርቱካናማ ገመድ ግን ማንም እንዲነካ አልፈቀደም። እናንተም እወቁት፦ ኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍበት ነው። የአባታችሁ ወይም የጎረቤታችሁ መኪና ቢሆንም እጃችሁን እንዳታስገቡ። አባቴም ሥልጠናውን ሳልወስድ አልነካውም ብሏል። ሥልጠና የሚሰጥበትን ቦታ ወንድሜ እያጠያየቀለት ነው።

ደብተሬን ጋራዥ ወስዶታል። በቀኝ በኩል ባለው ዝርዝር ላይ በራሱ እጅ አንድ ቃል ጨምሮበት ነው የመለሰልኝ፤ «ጓንት» ይላል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ወፍራሙን የጎማ ጓንት ማለቱ ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ዋጋውን ጠይቆ፣ ውድ ነው ብሎ ተመለሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እንሄዳለን፤ እኔንም ይወስደኛል።

ከ8ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል