የትኛውን መሬት ልትጠይቅበት ነው?

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ የአክስቴ የልጅ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥቶ ፍኖተ ሰላም እኔ ቤት አረፈ። እዚያው የተወለደ ቢሆንም አማርኛው አይታማም። እናቱ «ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነው የምንወለደው» እያለች አሳድጋዋለች። ራስ አዳል በ1873 ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ መሆናቸውን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። የጎደለው ከንጉሡ እስከ እናቱ ያለው ስም ነው።

ቡሬ አጠገብ ትውልድ የሚቆጥሩ አጎት አሉኝና ይዤው ሄድኩ። ጠላ ተቀዳ፣ ቆሎ ቀረበ። ጉዳዩን ሲነግራቸው «የትኛውን መሬት ልትጠይቅበት ነው?» አሉት።

ልጁ ሳቀ። እሳቸው የምራቸውን ነበር። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠሩን መሬት እስኪወርስ ድረስ ትውልድ የሚቆጠረው ለርስት ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ ሰው መሬቱን ወዳቀናው አባት በሚያደርሰው በኩል ይቆጥር ነበር። እንዲህ እየተቆጠረ ከመኳንንት የማይደርስ ገበሬ ማግኘት ይከብዳል፤ እኔ እንኳ እደርሳለሁ።

አጎቴ አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ እያሳለፉ ቆጠሩ። በ1874 በእምባቦ ጦርነት ንጉሡ ሲማረኩ አብሮ የተማረከ ቅድመ አያት መጣ። ከዓባይ ማዶ የመጣች ሚስቱ መጣች።

«ኦሮሞ ነበረች?» አለ ልጁ፣ ስልኩ ላይ መጻፉን ትቶ።

«አያትህ ነበረች።»

ቆጠራው ሲያልቅ ንጉሡ አያት ሳይሆኑ ዘመድ ሆነው ተገኙ፤ ሰባት ቤት አልፎ ነው የሚገናኙት። ልጁ ቅር አለው።

በዚህ መሀል የአጎቴ ታናሽ እህት እሳት እየቆሰቆሱ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። በ1989 መሬት ሲሸነሸን «ቅሪት ፊውዳል» ተብለው ከ4 ጥማድ በላይ ያለው ማሳቸው ተወስዶባቸዋል። የበርበሬ መሬታቸው ያኔ ነው የሄደው። ያን ሰሞን በየቀበሌው ስንቱ የአያቱን ማዕረግ ደብቆ፣ የጎረቤቱን እየተናገረ እንዳደረ እናውቃለን።

ልጁ ስልኩን ወደ እሳቸው አዙሮ «እማማ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፤ እዚህ ላይ ላስገባዎት» አላቸው።

«እኔን ተወኝ ልጄ» አሉት፤ «ነገ ተነሥተው መሬት የለኩ እንደሆነ ያገኙታል።»