አንገት መድፋት

ልጄ የሠርግ ፎቶግራፎች ስታገላብጥ ቆም አለችና፣ «እማዬ፣ አያቴን መሰልሽ» አለችኝ። ፊቴን ማለቷ አልነበረም። በ48 ዓመቴ ትከሻዬ ወደ ፊት ተጠቅልሎ፣ አገጬ ከደረቴ ቀድሞ ቆሜአለሁ።

እናቴን ያጎበጣት እንስራ ነው። እኔንስ? ዓመታት ሙሉ በሒሳብ መዝገብ ላይ ማቀርቀሬ ይሆን? ወይስ ውኃ በጠፋ ቁጥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ መውጣቴ? ሁለቱም አሉበት። ከሁለቱ በፊት ግን አንድ ሙገሳ ነበረ። በሰፈራችን ጨዋ ልጃገረድ «አንገቷን የደፋች» ትባል ነበር። እኔም ጡቴ ማጎጥጎጥ ሲጀምር ነጠላዬን አጥብቄ ተከናነብሁ፤ ትከሻዬንም ወደ ውስጥ ሰበሰብሁ። ከዚያ ወዲያ አላቀናሁትም።

ዮጋን ያለማመደችኝ ጎረቤቴ ናት። የመጀመሪያው ትምህርት ግድግዳ መደገፍ ብቻ ነበር፤ ተረከዝ፣ መቀመጫ፣ ትከሻ፣ ከዚያም ራስ ግድግዳውን እንዲነኩ። የእኔ ራስ አልነካም፤ አራት ጣት ጎደለው። የሰው ራስ ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ወደ ፊት በወጣ መጠን የሚሸከመው የማጅራትና የጀርባ ጡንቻ ነው። የደረት ጡንቻ ደግሞ በዚያው ማጠር ይለምዳል። ስለዚህ በደረት ተኝቶ፣ መዳፍን መሬት አስደግፎ፣ ደረትን ቀስ እያሉ ማንሣት አለ። ሕንዶቹ በእባብ ስም ይጠሩታል። (ስሙን ለንስሐ አባቴ አልነገርኋቸውም።)

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ 118 ጀርባቸው የጎበጠ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ አንደኛውን ወገን በሳምንት ሦስት ቀን ዮጋ አሠርቶ ነበር። በስድስት ወር፣ በአንዱ መለኪያ፣ ጉብጠታቸው ወደ 5 በመቶ ተሻሻለ፤ በሌላው መለኪያ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ለሚሰማው ሰው ኢምንት ነው። እኔ ግን አራቱ ጣት ሦስት በሆነ ቀን ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስሁ።

ባለፈው እሑድ ልቅሶ ቤት ስገባ አንዲት የእድራችን እናት ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ምነው ልጄ፣ ኮራሽሳ?» አሉኝ። ትከሻዬ ሳላዘው ሊጠቀለል ቃጣው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ከዚያም ተመልሼ ቀና አልሁ።